ከአቧራ የሚወለደው ነቀርሳ

ስለ ሜሶቴሊዮማ ምንነት፣ ምልክት፣ ምርመራና ሕክምና

ኒምራ ታላታ ከጁባ ከተማ ሰፈሮች አንዷ ስትሆን ስሟ በዐረብኛ ‹‹ቁጥር ሦስት›› ማለት ነው። የነጭ ዓባይን ምዕራባዊ ዳርቻ ይዛ የተቆረቆረችው ጁባ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 የሱዳን የሰላም ስምምነት ከተፈረመ ወዲህ፣ ይልቁንም ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2011 ነፃነቷን ካወጀች በኋላ፣ በጥድፊያ ስትገነባ የቆየች ከተማ ናት። ሥራ ፍለጋ ወደዚያ ከጎረፉት የጎረቤት አገሮች ሰዎች መካከል ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ናቸው። ሆቴል የከፈተ፣ ውኃ በቦቴ የሚያመላልስ፣ ግንብ የሚገነባ፣ ቤት የሚከድን፣ ጋራዥ ገብቶ መኪና የሚጠግን አለ። በዚያው ዘመን በታኅሣሥ 2013 እና በሐምሌ 2016 ከተማዋ ውስጥ ከባድ ውጊያ ተካሂዷል።

በሚገነባና በሚፈርስ ከተማ ውስጥ አቧራ የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ሠራተኛው ከፊቱ ላይ ጠርጎ ይጥለዋል፤ ማታ ታጥቦ ይረሳዋል። ሆኖም ግን አቧራ ሁሉ አንድ አይደለም። ታጥቦ የማይለቅ፣ ዛሬ በትንፋሽ ገብቶ ከሠላሳና ከአርባ ዓመት በኋላ ዕዳውን የሚያስከፍል የአቧራ ዓይነት አለ። በዛሬው ዐምዳችን ለአንባብያን የምናቀርበው ይኸው አቧራ ስለሚያስከትለው ሜሶቴሊዮማ ስለተባለው በሽታ ነው። በሽታው ከብዙዎቹ የካንሰር ዓይነቶች ያነሰ ቁጥር ያለው ቢሆንም፣ ሁለት ነገሮች በጉዳዩ ላይ እንድንጽፍ ግድ ብለውናል። አንደኛው፣ አመጣጡ በደንብ የታወቀና መከላከል የሚቻል መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ በአገራችንና በአካባቢያችን በብዛት ከሚታየው ከሳንባ ነቀርሳ ጋር በቀላሉ የሚምታታ መሆኑ ነው።

ስሙና ምንነቱ

በሳንባችን ላይ፣ በደረታችን የውስጥ ግድግዳ ላይ፣ በልባችን ዙሪያና በሆድ ዕቃችን ላይ እንደ ቀጭን ጨርቅ የተጋረደ ስስ ገለፈት አለ። ይህ ገለፈት ጥቂት ፈሳሽ እያመነጨ ሳንባ ሲነፋና ሲሟሽሽ፣ ልብ ሲመታ፣ አንጀት ሲንቀሳቀስ ያለ ሰበቃ እንዲላወሱ ያደርጋል። ገለፈቱን የሠሩት ሴሎች ሥርዓታቸውን አጥተው ያለ ልክ መራባት ሲጀምሩ የሚፈጠረው ካንሰር ሜሶቴሊዮማ ይባላል። ከአራት በሽተኞች በሦስቱ ገደማ ላይ በሽታው የሚነሣው ከሳንባ ሽፋን ነው። ከቀሪዎቹ አብዛኛው የሆድ ዕቃን ሽፋን ሲይዝ፣ የልብን ሽፋን የሚይዘው እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሜሶቴሊዮማ የሳንባ ካንሰር አይደለም። የሳንባ ካንሰር ከሳንባው ከራሱ ሥጋ ሲነሣ፣ ይህኛው ሳንባውን ከውጭ ከሸፈነው ገለፈት ይነሣና እንደ ቅርፊት እየወፈረ ሳንባውን አንቆ ይይዛል።

የዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ድርጅት ግምት እንደሚያመለክተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ ወደ 31 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች በዚህ በሽታ መያዛቸው ሲታወቅ ከ26 ሺህ በላይ የሚሆኑት ሞተውበታል። እነዚህ ቁጥሮች የተሰበሰቡት ምርመራ ከሚገኝባቸው ሥፍራዎች መሆኑን ልብ ይሏል። መርማሪ በሌለበት አገር በሽታው ሌላ ስም ተሰጥቶት ይቀበራል።

የድንጋዩ ቃጫ

የበሽታው ዋና መንሥኤ አስቤስቶስ ነው። አስቤስቶስ ከምድር ተቆፍሮ የሚወጣ፣ እንደ ቃጫ የሚፈተል የድንጋይ ዓይነት ነው። እሳት አይበላውም፣ አሲድ በቀላሉ አይጎዳውም፣ ሲጎተት ቶሎ አይበጠስም፣ ዋጋውም ርካሽ ነው። በዚህ ምክንያት በሀያኛው ምዕተ ዓመት ያልገባበት ሥራ አልነበረም። ሉድቪግ ሃትሼክ የተባለ ኦስትሪያዊ እ.ኤ.አ. በ1901 አስቤስቶስን ከሲሚንቶ ጋር አደባልቆ ክዳን የመሥራትን ብልሃት በስሙ አስመዘገበ። ‹‹ኤተርኒት›› እየተባለ የሚታወቀው የሲሚንቶ ክዳንና ጣራ የተወለደው ከዚህ ነው። ከዚያም በኋላ በውኃ ቧንቧ፣ በውኃ ማጠራቀሚያ ጋን፣ በቦይለርና በእንፋሎት ቧንቧ መጠቅለያ፣ በመኪና የፍሬን ሸራና ፍሪሲዮን፣ በሞተር ጓርኒሲዮን ውስጥ ሁሉ ገባ።

ክዳኑ ሳይሰበርና ሳይፈርስ በቦታው እስካለ ድረስ ቃጫው በሲሚንቶው ታስሮ ይቀመጣል። አደጋው የሚመጣው ሲሰበር፣ በመጋዝ ሲቆረጥ፣ ሲበሳ፣ ሲፈገፈግ ወይም በዕድሜ ብዛት ሲፈረካከስ ነው። በዚያን ጊዜ ከሰው ፀጉር በብዙ እጅ የቀጠኑ፣ ዓይን የማያያቸው፣ ሽታም ጣዕምም የሌላቸው ቃጫዎች በአየር ላይ ይንሳፈፋሉ። በትንፋሽ የገቡት ከሳንባ ጫፍ ይደርሱና ከዚያ አልፈው ወደ ገለፈቱ ይጠጋሉ። ሰውነታችን ባዕድ ነገርን ውጠው የሚያጠፉ ሴሎች አሉት፤ ነገር ግን ረጅሙን የድንጋይ ቃጫ ሊውጡት ቢሞክሩ ከአቅማቸው በላይ ይሆንባቸዋል። ትግሉ ያለ ማቋረጥ ለዓመታት ሲቀጥል ገለፈቱ ይቆጣል፣ በሴሎቹ ውስጥ ያለው የዘር ጽሑፍ ይበላሻል፣ በመጨረሻም ካንሰሩ ይጀምራል። ከአቧራው እስከ በሽታው ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዓመት ያልፋል።

ነጭ፣ ሰማያዊና ቡናማ እየተባሉ የሚጠሩት የአስቤስቶስ ዓይነቶች በሙሉ ካንሰር አምጪ መሆናቸው በዓለም አቀፍ ደረጃ ተረጋግጧል። ከሁሉ የከፋው ሰማያዊው ነው። ሲጋራ ሜሶቴሊዮማን አያመጣም፤ ነገር ግን አስቤስቶስ የሳበ ሰው ሲጋራ ቢጨምርበት በሳንባ ካንሰር የመያዝ አደጋው ሁለቱ ለየብቻ ከሚያመጡት እጅግ ይልቃል።

በኪምበርሌይ የተገለጠው ምሥጢር

ይህ ሁሉ የታወቀው በአፍሪካ ምድር፣ በደቡብ አፍሪካ ነው። ታሪኩን ማወቅ ለእኛ ዛሬም ስለሚጠቅም በአጭሩ እንተርከዋለን።

በኪምበርሌይ ከተማ የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል ይመሩ የነበሩት ዶክተር ስሌግስ፣ በሳንባ ሽፋናቸው መካከል ውኃ የቋጠሩ በሽተኞችን ሲያክሙ አንድ ነገር አስተዋሉ። የነቀርሳው መድኃኒት ሲሰጥ ከከተማው በስተምሥራቅ ካለው አገር የመጡት ይድናሉ፤ በስተምዕራብ ካለው አገር የመጡት ግን ብዙዎቹ መድኃኒቱ አይነካቸውም። ውኃው ተመልሶ ይሞላል፣ ገለፈቱም እየወፈረ ይሄዳል። በስተምዕራብ ያለው ምድር ሰማያዊ አስቤስቶስ የሚቆፈርበት ነው። በጆሃንስበርግ ደግሞ ክሪስ ዋግነር የተባሉ የፓቶሎጂ ሐኪም፣ እ.ኤ.አ. በ1956 በነቀርሳ እንደሞተ የተገመተ የአንድ የማዕድን ሠራተኛ ሬሳ ሲመረምሩ በደረቱ ውስጥ ያገኙት ነቀርሳ ሳይሆን ሜሶቴሊዮማ ሆነ።

ሁለቱ ሰዎችና ፖል ማርሻን የተባሉት የደረት ቀዶ ሐኪም ተባብረው፣ እያንዳንዱ በሽተኛ የት እንደ ተወለደና ምን እንደ ሠራ መጠየቅ ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1960 ያሳተሙት ጥናት የ33 በሽተኞችን ታሪክ የያዘ ሲሆን ከነዚህም 22ቱ ወንዶች፣ 11ዱ ሴቶች ነበሩ። ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ሰማያዊውን አስቤስቶስ ሳይስቡት እንዳልቀሩ ተረጋገጠ። ይልቁንም ዓለምን ያስደነቀው፣ ከነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ማዕድን ቆፍረው የማያውቁ መሆናቸው ነው። በልጅነታቸው ከማዕድኑ አጠገብ ኖረዋል፣ ከወፍጮው በሚወጣው ክምር ላይ ተጫውተዋል፤ ከዚህ የበለጠ ግንኙነት አልነበራቸውም።

ከዚያ በኋላ ማስረጃው ከየአቅጣጫው መጣ። በለንደን እ.ኤ.አ. በ1965 በታተመ ጥናት፣ ከበሽተኞቹ መካከል የአስቤስቶስ ሠራተኛ ባሎቻቸውን የሥራ ልብስ ያጠቡ ሚስቶች ተገኙ። በቱርክ አገር በቀጰዶቅያ አውራጃ በካራይንና በቱዝኮይ መንደሮች በሽታው ቤተሰብን በሙሉ ሲጨርስ የኖረው፣ ኤሪዮናይት የተባለ የአስቤስቶስ ቢጤ ቃጫ ያለበትን የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ለቤት መሥሪያ ያውሉ ስለ ነበረ ነው። በዚያው አገር ባሉ ሌሎች መንደሮች ደግሞ ግድግዳ የሚለቀለቅበት ነጭ አፈር አስቤስቶስ ያለበት ሆኖ ተገኝቷል። ያወቀ ሰው አልነበረም፤ ሴቶቹ ቤታቸውን ሲያስጌጡ ልጆቻቸውን መርዙ መካከል ያሳድጉ ነበር።

ሠራዊትም ከዚህ ዕጣ አልዳነም። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ እስከ 1970ዎቹ በተሠሩ የጦር መርከቦች ውስጥ ቦይለሮችና ቧንቧዎች በአስቤስቶስ ይጠቀለሉ ስለ ነበር፣ የአሜሪካና የእንግሊዝ ባሕረኞችና የመርከብ ሠሪዎች ከበሽታው ዋነኛ ሰለባዎች መካከል ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በእንግሊዝ አገር ለወታደሩ በሚሠራው የጋዝ መከላከያ ጭንብል ማጣሪያ ውስጥ ሰማያዊ አስቤስቶስ ይገባ ነበር። ጭንብሉን በፋብሪካ ከገጣጠሙት ሴቶች ብዙዎቹ ጦርነቱ ካበቃ ከብዙ ዓመታት በኋላ በሜሶቴሊዮማ ሞቱ። የወታደሩን ሳንባ ለማዳን የተሠራው ዕቃ የሠሪዎቹን ሳንባ ገደለ።

ምልክቶቹ

በሽታው ሲጀምር አይጮህም። በሳንባ ሽፋን ላይ የሚነሣው ሜሶቴሊዮማ ብዙ ጊዜ ራሱን የሚያሳየው በትንፋሽ ማጠር ነው። ሰውየው ዳገት ሲወጣ፣ ሸክም ሲያነሣ ይደክመዋል፤ ቆይቶም ተኝቶ መተንፈስ ይቸግረዋል። ምክንያቱ በሳንባውና በደረቱ ግድግዳ መካከል ውኃ መቋጠሩ ነው። በአንድ ወገን ደረት ላይ የሚሰማ፣ ከባድና የማይለቅ ሕመም ሌላው ምልክት ነው። ሕመሙ ወደ ትከሻና ወደ ጀርባ ሊሄድ ይችላል። ደረቅ ሳል፣ የሰውነት ክሳት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ድካም፣ የሌሊት ላብ ይከተላሉ። የሆድ ዕቃን ሽፋን የያዘ እንደ ሆነ ደግሞ ሆድ ይነፋል፣ ይቆርጣል፣ ሰውየው እየከሳ ሆዱ ይገፋል።

እነዚህን ምልክቶች ያነበበ ሰው ‹‹ይህማ የሳንባ ነቀርሳ ነው›› ቢል አያስደንቅም። ሳል፣ ላብ፣ ክሳት፣ የደረት ውኃ፣ ሁሉም የነቀርሳ ምልክቶች ናቸው። እንዲያውም ቋንቋችን ራሱ ሁለቱን አይለያቸውም። ‹‹የሳንባ ነቀርሳ›› ስንል በባክቴሪያ የሚመጣውንና የሚተላለፈውን ቲቢን ማለታችን ሲሆን፣ ‹‹ነቀርሳ›› ብቻ ስንል ደግሞ ካንሰርን ማለታችን ይሆናል። በቃል የተደባለቀው በሐኪም ቤትም እንዳይደባለቅ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን ማሳሰብ እንወዳለን። በኢትዮጵያም ሆነ በደቡብ ሱዳን በደረቱ ውኃ የቋጠረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚገኝበት ቲቢ እንጂ ሜሶቴሊዮማ አይደለም። ቲቢ ደግሞ በትክክል ከታከሙት ይድናል። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ አንብቦ የቲቢ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው ቢኖር ራሱንም ቤተሰቡንም ይጎዳል። የምንለው ሌላ ነው። መድኃኒቱን በሥርዓቱ እየወሰደ ሳምንታትና ወራት ሲያልፉ ያልተሻለው፣ ውኃው ተቀድቶ ተመልሶ የሞላበት፣ በውኃውም ሆነ በአክታው ውስጥ የቲቢ ተሐዋስ ያልተገኘበት ሰው፣ ያንኑ መድኃኒት ለሁለተኛና ለሦስተኛ ጊዜ ከመጀመሩ በፊት እንደ ገና ይመርመር። በኪምበርሌይ ምሥጢሩን የገለጠው ይኸው ጥያቄ ነበር፦ ‹‹መድኃኒቱ ለምን አልሠራም?››

ምርመራው

ምርመራው የሚጀምረው ከመሣሪያ አይደለም፤ ከጥያቄ ነው። ሐኪሙ በሽተኛውን ዛሬ ምን እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን ከሠላሳ ዓመት በፊት ምን ይሠራ እንደ ነበር፣ የት እንዳደገ፣ አባቱ ወይም ባሏ ምን ሥራ እንደ ነበራቸው ሊጠይቅ ይገባል። ሐኪሙ ባይጠይቅ እንኳ በሽተኛው ራሱ ይናገር። ‹‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም›› እንደሚባለው ሁሉ፣ የቀድሞ ሥራውን የዘነጋም መንሥኤውን አያገኝም። በወጣትነቱ የሲሚንቶ ክዳን የቆረጠ፣ በመርከብ ወይም በባቡር ቦይለር ላይ የሠራ፣ በጋራዥ ለዓመታት የፍሬን ሸራ የሞረደ ሰው ይህን ለሐኪሙ መንገሩ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል።

ቀጥሎ የደረት ራጅ ይነሣል። ራጁ ውኃውንና የገለፈቱን መወፈር ያሳያል እንጂ የበሽታውን ስም አይናገርም። አልትራሳውንድ ውኃው የት እንዳለ ይጠቁማል፤ ሲቲ ስካን ደግሞ ገለፈቱ ሳንባውን ዙሪያውን እንደ ቀለበት የከበበው መሆኑን፣ ጉብታ ጉብታ ማውጣቱን፣ ወደ ጎረቤት አካል መዛመቱን በዝርዝር ያሳያል። ከዚያም በመርፌ ውኃ ይቀዳል። የተቀዳው ውኃ ሁለት አገልግሎት አለው። በሽተኛውን ከጭንቀት ያሳርፈዋል፤ ለምርመራም ይላካል። በውኃው ውስጥ ቲቢ መኖሩና የካንሰር ሴል መኖሩ አብሮ ይመረመራል። ሆኖም ሜሶቴሊዮማ ያለበት ሰው ውኃ ተመርምሮ የካንሰር ሴል ሳይታይበት የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ስለ ሆነ፣ ‹‹በውኃው ምንም አልተገኘም›› መባል ነፃ ነህ ማለት አይደለም።

ቁርጡን የሚነግረው ከገለፈቱ ከራሱ ተቆርጦ የሚወሰደው ናሙና ነው። ናሙናው በሲቲ ስካን ወይም በአልትራሳውንድ እየተመራ በመርፌ፣ ወይም በጎን አጥንቶች መካከል በምትበሳ ትንሽ ቀዳዳ መመልከቻ መሣሪያ አስገብቶ ይወሰዳል። የፓቶሎጂ ሐኪሙ ናሙናውን ልዩ ልዩ ማቅለሚያ እየቀባ፣ ከሳንባ የተነሣውን ካንሰር ከገለፈት ከተነሣው ይለያል። ከዚያም ዓይነቱን ይወስናል። ኤፒቴሊዮይድ የተባለው ዓይነት ከሌሎቹ ይልቅ ለሕክምና የሚመች ሲሆን፣ ሳርኮማቶይድ የተባለው አስቸጋሪ ነው፤ የሁለቱ ድብልቅም አለ። በመጨረሻም በሽታው ከአንደኛ እስከ አራተኛ ካሉት ደረጃዎች የትኛው ላይ እንደ ደረሰ ይለካል። ሕክምናው የሚመረጠው እነዚህ ሁሉ ከታወቁ በኋላ ነው።

ሕክምናው

በሽታው ሙሉ በሙሉ ይድናል ብለን አንባብያንን አናታልልም። አብዛኛውን ጊዜ የሚደረስበት ዘግይቶ ነው፤ ሕክምናውም በአመዛኙ ዕድሜ የሚያራዝምና ስቃይ የሚያቃልል ነው። ነገር ግን ‹‹ምንም አይደረግለትም›› ማለትም ስሕተት ነው።

ከሁሉ በፊት የሚቀድመው ትንፋሽን መመለስ ነው። ውኃው ይቀዳል፤ ተመልሶ እንዳይሞላም በንጹሕ የታልክ ዱቄት ሁለቱን ገለፈቶች ማጣበቅ ይቻላል። አለበለዚያም ቀጭን ቱቦ በደረቱ ላይ ተተክሎለት በሽተኛው በቤቱ ውኃውን እየቀዳ ይኖራል። ይህ ትልቅ ከተማ ሳይሄዱ፣ የሠለጠነ ባለሙያና ንጹሕ መሣሪያ ባለበት ሆስፒታል ሊሠራ የሚችል ሕክምና ነው።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ትልቅ ጥናት ሲስፕላቲን ብቻ የወሰዱትን ሲስፕላቲንና ፔሜትሬክስድ አብረው ከወሰዱት ጋር አነጻጽሮ፣ አማካይ ዕድሜ ከ9 ወር ገደማ ወደ 12 ወር ከፍ ማለቱን አሳይቷል። መድኃኒቶቹ በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥር የሚሰጡ ሲሆን ጉዳታቸውን ለማብረድ ፎሊክ አሲድና ቫይታሚን ቢ 12 አብረው ይታዘዛሉ። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ደግሞ ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ የተባሉ፣ የሰውነትን የራሱን መከላከያ በካንሰሩ ላይ የሚያነሣሱ መድኃኒቶች ሥራ ላይ ውለዋል። በጥናቱ ላይ እነዚህን የወሰዱት አማካይ ዕድሜ 18 ወር ሲሆን የኬሞቴራፒው 14 ወር ነበር። ልዩነቱ የበለጠ የታየው አስቸጋሪ በሆነው ዓይነት ላይ ነው። ዋጋቸው ግን ለአብዛኛው የአፍሪካ ሕዝብ የሚቀመስ አይደለም።

ቀዶ ሕክምናን በተመለከተ የሐኪሞች አስተያየት ተለውጧል። ቀደም ሲል ገለፈቱን ብቻ ሳይሆን ሳንባውን ጭምር ማውጣት ይሞከር ነበር። ዛሬ ይህ እጅግ ቀንሷል። እ.ኤ.አ. በ2024 በእንግሊዝ አገር ውጤቱ የታተመ ጥናት፣ ገለፈቱን ገፎ ማውጣት በኬሞቴራፒ ላይ ቢጨመር ዕድሜ እንደማያረዝም፣ እንዲያውም ጉዳት እንደሚያበዛ አመልክቷል። የሆድ ዕቃው ሜሶቴሊዮማ ግን ይለያል። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ተለቅሞ የሞቀ መድኃኒት በሆድ ውስጥ ሲዘዋወርበት፣ ተመርጠው የታከሙ በሽተኞች ለብዙ ዓመታት የኖሩበት ጊዜ አለ። ጨረር ደግሞ በአመዛኙ ሕመም ለማስታገስ ያገለግላል።

በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት ይገኝ የነበረው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አገልግሎቱ ወደ ሌሎች ከተሞች መስፋፋት ጀምሯል። ከጁባ የሚነሣ በሽተኛ 192 ኪሎ ሜትር የሆነውን፣ እ.ኤ.አ. በ2012 አስፋልቱ የተጠናቀቀውን የኒሙሌ መንገድ ይዞ ወደ ካምፓላ ሊሻገር ይችላል። በዚያ በሙላጎ የሚገኘው የኡጋንዳ የካንሰር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1967 የተመሠረተና በምሥራቅ አፍሪካ ረጅም ልምድ ያለው ነው። መንገዱ ለጉልበት ሠራተኛ ኪስ የሚቀል እንዳልሆነ እናውቃለን። ስለዚህም ነው ከመነሣቱ በፊት ራጁን፣ የውኃውን ምርመራ ውጤት፣ የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ዝርዝርና የሥራ ታሪኩን በጽሑፍ ይዞ እንዲሄድ የምንመክረው። ያለ ወረቀት የሄደ ሰው ምርመራውን ከመጀመሪያው ይደግማል፤ ገንዘቡም በመንገድ ያልቃል።

ካንሰሩ ቢያሸንፍ እንኳ የሰው ክብር የሚጠበቅበት ሕክምና አለ። በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን ሕመምን ብቻ ሳይሆን የትንፋሽ ጭንቀትንም ያቃልላል። ሐኪም በመጠኑ ሲያዘው የሱሰኛ ነገር ነው ብሎ መፍራት አይገባም። ቤተሰብም በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ አውቆ በሽተኛውን በዕቃና በመኝታ ሳይለይ ያስታም።

ሳይቃጠል በቅጠል

ይህን ያህል የሚያስጨንቅ በሽታ በጥቂት ጥንቃቄ ሊቀር መቻሉ ሊያጽናናን ይገባል። ከ60 የሚበልጡ አገሮች አስቤስቶስን ጨርሰው ከልክለዋል፤ በሽታው የተገለጠባት ደቡብ አፍሪካ ራሷ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ክልከላ ግን በሕንፃ ላይ ያለውን አሮጌ ክዳን አያወርደውም። ቃጫ መሳል ደግሞ በዚህ መጠን ቢሆን አይጎዳም የሚባል ወለል የለውም። የዓለም የጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በሥራ ቦታ የተሳበ አስቤስቶስ በየዓመቱ ከ200 ሺህ በላይ ሰዎችን ይገድላል።

ስለዚህ ዕድሜ ጠገብ የሲሚንቶ ክዳን፣ ቧንቧ ወይም የቦይለር መጠቅለያ ያለበት አሮጌ ሕንፃ፣ በላቦራቶሪ ተመርምሮ ነፃ መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ አስቤስቶስ እንዳለበት ተቆጥሮ ይያዝ። ያልተሰነጠቀውን ክዳን አትንኩት። መውረድ ካለበት በመዶሻ አይሰበር፣ በመጋዝ አይቆረጥ፤ ሳሙና በተጨመረበት ውኃ ርሶ፣ ምስማሩ ተነቅሎ፣ ቅጠሉ ሳይሰበር በሙሉው ይውረድ። በሁለት ድርብ ወፍራም ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ምልክት ይደረግበትና ባለሥልጣን በወሰነው ሥፍራ በጥልቅ ይቀበር። ስባሪውን ለመንገድ መደልደያ፣ ለዶሮ ቤት፣ ለምድጃ መክለያ ማዋል በሽታን ለልጅ ማውረስ ነው። በደረቁ መጥረግ አቧራውን ከመሬት ወደ አፍንጫ ማንሣት ነውና በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል።

የጋራዥ ሠራተኞች የፍሬን አቧራን በኮምፕሬሰር መንፋት ይተዉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት። የፍሬን ሸራ ሲገዙም አስቤስቶስ የሌለበት መሆኑን ይጠይቁ። አፍንጫ ላይ የሚታሰር ሻርፕ ወይም ተራ የሐኪም ጭንብል ይህን ቃጫ አያግደውም፤ የሚያግደው ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም፣ ለደቃቅ አቧራ የተሠራ ባለ ከፍተኛ ደረጃ ማጣሪያ ጭንብል ነው። የሥራ ልብስ ለብሶ ወደ ቤት መግባት፣ ሕፃን ማቀፍ፣ ልብሱን ከቤተሰብ ልብስ ጋር ማሳጠብ አይገባም። የለንደኖቹን ሚስቶች የገደለው ይኸው ነበር።

ለወታደሮችም ልዩ ማሳሰቢያ አለን። በውጊያ የፈረሰ ሕንፃ ውስጥ መስፈር፣ ፍርስራሹን በደረቁ መጥረግ፣ የተሰባበረ ክዳን ለምሽግ መሸፈኛ መውሰድ የሚያጋጥም ነው። በተቻለ መጠን የሚተኛበት ሥፍራ ከፍርስራሽ የራቀ ይሁን፤ ማንሣት ግድ ሲሆን ውኃ ይርከፈከፍበት። አለቃ የሆነ ሰው ለምድብተኛው ውኃና ጭንብል ሳያቀርብ ‹‹አፍርሱ›› ብሎ ማዘዝ የለበትም። ጥይት የገደለው ሰው ስሙ በዚያው ቀን ይመዘገባል። አቧራ የገደለው ግን ከአርባ ዓመት በኋላ፣ ከጡረታው ወዲያ፣ የት እንደ ተመታ ሳይታወቅ ነው የሚሞተው።

ኒምራ ታላታም ሆነ በአገራችን ከተሞች አዲስ ቤት ይሠራል፣ አሮጌው ይፈርሳል። የሚያፈርሱትም የሚሠሩትም ብዙውን ጊዜ ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ወጣቶች ናቸው። የአርባ ዓመቱ ቆጠራ በነሱ ላይ የሚጀምረው ዛሬ ነው። ስለዚህ አሠሪ የሆነ ሰው ክዳኑ ከመነካቱ በፊት ያስመርምር፤ ሠራተኛም ሳይጠይቅ አይውጣ። በደረቱ ውኃ ቋጥሮ መድኃኒት ያልሠራለት ወንድም ወይም እኅት ያለው ደግሞ ተስፋ ሳይቆርጥ እንደ ገና ወደ ሐኪም ይውሰዳቸው፤ ሲወስዳቸውም ድሮ ምን ሥራ ይሠሩ እንደ ነበር ከሁሉ አስቀድሞ ይንገር።